ሙሳንደም እንዴት የኦማን ሆነች? ደግሞስ ድንጋይ ብቻ ከሆነች ለምን ይህን ያህል ይወራላታል?

ሹፌሩ ከአጅማን

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አጅማን ነው የምሠራው፣ የጭነት መኪና እነዳለሁ። ባለፈው ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ከራስ አል ኸይማም አልፌ ሻአም ድረስ ዕቃ አደረስኩ። ከዚያ ወዲያ ተራራ ነው። ተራራ ስላችሁ የኛ አገሩን አረንጓዴ እንዳታስቡ፣ ራቁቱን የቆመ ድንጋይ ነው፣ ቀጥ ብሎ ባሕሩ ውስጥ የሚገባ። ከፊት ድንበር አለ። ማን ነው ባለቤቱ ብዬ ስጠይቅ ኦማን አሉኝ። እኔ ኦማንን በአል አይን በኩል ነበር የማውቃት፣ ወደ ታች። እዚህ ሰሜን ጫፍ ላይ ምን ትሠራለች?

ማታ ካምፕ ገብቼ ስልኬ ላይ ካርታ ከፈትኩ። እውነትም ኤምሬትስ ካለቀች በኋላ ሌላ ቁራጭ ኦማን አለ፣ ከዋናው ኦማን ጋር በመሬት አይገናኝም። ሙሳንደም ይላል። ቅርጹ ጉድ ነው፣ ጫፉ የተተለተለ ጨርቅ ይመስላል፣ ውሃው በየቦታው ሰርስሮ ገብቷል። ማዶ ኢራን። መሃል ያለው ውሃ ያ ዜና ላይ ሆርሙዝ ሆርሙዝ የሚሉት ነው።

የሚያውቅ ካለ፣ አንደኛ እንዴት የኦማን ሆነ? ሁለተኛ፣ መርከቡ የሚሄደው በውሃ ላይ ነው፣ ታዲያ መሬቱ ምን አገባው? ሦስተኛ ደግሞ ከልጆቹ ጋር በእረፍት ቀን ልንሄድ አስበናል፣ አንዱ ጓደኛዬ ግን “ድንጋይ ለማየት ነው ቤንዚን የምታቃጥለው?” ብሎ ሙዴን ገደለው። ይገባዋል?

---

መርከብ ላይ ያረጀሁ

ወንድሜ ሁለተኛውን ለኔ ተወው። በዚያ ሰርጥ ስንት ጊዜ እንዳለፍኩ ቆጥሬ አላውቅም።

መጀመሪያ ካርታህን እንደገና ክፈትና ጣትህን ከፉጀይራ በኩል ወደ ላይ አስኪድ። ሙሳንደም ጫፍ ስትደርስ ጣትህ ይታጠፋል አይደል? ክርን ማለት ነው። መርከቡ ወደ ሰሜን ምዕራብ ሲሄድ ቆይቶ ያንን ጫፍ ዞሮ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይወርዳል። ሙሉ የጫነ ትልቅ ነዳጅ ጫኝ ደግሞ እንደ አንተ መኪና ፍሬን ረግጠህ አይቆምም። ለመቆም ኪሎ ሜትሮች ይፈልጋል። ስለዚህ እዚያ መታጠፊያ ላይ ድልድዩ ላይ፣ መርከቡ የሚነዳበት ክፍል ማለቴ ነው፣ የሚያወራ ሰው የለም። ሁሉም ራዳር ላይ አፍጥጧል።

ሰርጡ በጠበበበት ቦታ 21 ናቲካል ማይል ነው፣ ወደ 39 ኪሎ ሜትር። ሰው ይህን ሲሰማ “ሰፊ ነዋ” ይላል። መርከብ ግን በፈለገበት አይሄድም። የሚገቡት በአንድ መስመር፣ የሚወጡት በሌላ መስመር ነው፣ እያንዳንዱ መስመር 2 ማይል ስፋት አለው፣ መሃላቸው ሌላ 2 ማይል ባዶ ይተዋል። ልክ ባለሁለት አቅጣጫ አስፋልት ከነአካፋዩ በለው። የሚገባው በሰሜን፣ የሚወጣው በደቡብ።

አሁን ለጥያቄህ መልሱ፦ በጠባቡ ቦታ ላይ እነዚህ መስመሮች የተሰመሩት በኦማን ውሃ ላይ ነው። ጥልቀቱ ወደ ሙሳንደም ጎን ስለሚበዛ። አየህ? ሁሉም ሰው ሆርሙዝን ሲሰማ ኢራንን ብቻ ያስባል፣ መርከቡ ግን የሙሳንደምን ድንጋይ ታክኮ ነው የሚያልፈው። እዚያ ጀዚረት አል ገነም፣ በአማርኛ የፍየል ደሴት ብትለው ያስኬዳል፣ የምትባል ደሴት ላይ የኦማን ባሕር ኃይል ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን ያያል።

ሕጉም እንደዚያው ነው። አንድ አገር ከዳርቻው 12 ማይል ውሃ የራሱ ነው። 12 እና 12፣ 24። ሰርጡ 21 ነው። ስለዚህ መሃል ላይ የማንም ያልሆነ ውሃ የለም፣ ወይ ኦማን ነህ ወይ ኢራን። መርከቦች የሚያልፉት በፈረንጆቹ 1982ቱ የባሕር ሕግ ስምምነት ላይ ባለው የማለፍ መብት ነው፣ ኦማን አጽድቃዋለች፣ ኢራን ፈርማ አላጸደቀችም። ክርክሩ እዚያ ላይ ነው።

ጫፉ አጠገብ ትናንሽ ደሴቶች አሉ፣ አንዷ ትልቅ ሌሎቹ ትንንሽ። አረቦቹ “ሰላማና ሴት ልጆቿ” ይሏቸዋል። ሌሊት ከደሴቶቹ መብራት ብልጭ ብልጭ ሲል ስናይ የኔ አለቃ የነበረ ሽማግሌ “እናትየዋ ነቅታለች” ይል ነበር። ስሟ ይኸው እስካሁን ይጥመኛል።

---

ቦቴ ነጂ

ጋሼ መርከበኛው ያሉት ልክ ነው፣ ለኛ ለኢትዮጵያውያን ግን የሚነካው ሌላ ጋ ነው። እኔ ከጂቡቲ በጋላፊ በኩል ነዳጅ ሳመላልስ ስንት ዓመቴ። አገራችን ናፍጣና የአውሮፕላን ነዳጅ ለብዙ ዓመት ከኩዌት ስትገዛ ቆይታለች። ኩዌት ደግሞ የምትገኘው ባሕረ ሰላጤው ውስጥ፣ ጥጉ ላይ ነው። ስለዚህ የኔ ቦቴ ውስጥ የሚገባው ናፍጣ መጀመሪያ ሆርሙዝን ከዚያ ባብ ኤል መንደብን፣ ሁለት በር አልፎ ነው የሚመጣው። አንዱ ከተዘጋ ማደያው ላይ ሰልፉ የት ድረስ እንደሚሄድ ታውቁታላችሁ።

---

መርከብ ላይ ያረጀሁ

ቦቴ ነጂ፣ ግማሹ ልክ ነህ። ሆርሙዝን አዎ። ባብ ኤል መንደብን ግን አያልፍም። ጂቡቲ ወደብ ያለው ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ነው፣ ከሰርጡ በስተ ደቡብ። ከኩዌት የሚመጣ መርከብ ሆርሙዝን ይወጣል፣ የኦማንን ዳርቻ ይከተላል፣ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ይገባል፣ ጂቡቲ ይታጠፋል። ባብ ኤል መንደብ ከዚያ በላይ ነው፣ ወደ ስዊዝ የሚሄድ ነው የሚያልፈው። ከቀይ ባሕር በኩል፣ ለምሳሌ ከሳዑዲው ወደብ ከያንቡ የሚመጣ ከሆነ ግን ተቃራኒው ነው፣ ባብ ኤል መንደብን ያልፋል፣ ሆርሙዝን አያውቀውም።

---

ቦቴ ነጂ

እሺ ተምሬያለሁ። ሃያ ምናምን ዓመት ጂቡቲ ተመላልሼ ይህን አለማወቄ 😅

---

የካርታ ሱሰኛ

ጂኦግራፊ አስተምር ነበር፣ ስለዚህ ዝም ማለት አልችልም፣ ይቅርታ።

ሹፌሩ “የተተለተለ ጨርቅ” ያልከው ነገር ቆንጆ ነው፣ ምክንያት አለው። የአረቢያ መሬት በሙሉ በዝግታ ወደ ሰሜን፣ ወደ ኢራን እየተገፋ ነው። ማዶ ያለው የዛግሮስ ተራራ የተነሣው በዚያ ግፊት ነው። እዚህ በኩል ደግሞ የሙሳንደም ጫፍ አጎንብሶ ወደ ባሕሩ እየሰጠመ ነው። ተራራው ሲሰጥም ሸለቆዎቹ ውስጥ ውሃ ገባባቸው፣ ጉብታዎቹ ብቻቸውን ቀሩ። አሁን ጀልባ ላይ ተቀምጠህ የምትሄድበት ውሃ ድሮ ጎርፍ የሚወርድበት ገደል ነበር ማለት ነው። የአገሩ ሰዎች እንዲህ ያለውን የባሕር እጅ ኾር ይሉታል። አስጎብኚዎቹ “የአረቢያ ኖርዌይ” እያሉ ይሸጡታል፣ እኔ ግን አልወደውም፤ ኖርዌይን የጠረበው በረዶ ነው፣ ይህን በረዶ አልነካውም።

መጠኑን ለመገመት ያህል፣ የሙሳንደም ግዛት ወደ 1,800 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ጣና ይበልጠዋል። ከፍተኛው ጫፍ ጀበል ሐሪም 2,087 ሜትር ነው፣ ይህም ከአዲስ አበባ ያንሳል! ግን አዲስ አበባ የቆመችው በሰፊ አምባ ላይ ነው፣ ይህ ከባሕር ጠርዝ ተነሥቶ ነው እዚያ የሚደርሰው፣ ለዚያ ነው አንገት የሚያስቀለብሰው። እላይ ስትወጣ ደግሞ የኖራ ድንጋዩ ውስጥ የዓሣና የቀንድ አውጣ ቅሪት ታያለህ። የተራራው አናት ድሮ የባሕር ወለል ነበር። ወጥቶ፣ አሁን ደግሞ ተመልሶ እየገባ ነው።

አንድ ጨዋታ ልጨምር። በ6ኛው መቶ ዓመት አክሱማውያን የመንን ይዘው በነበረበት ጊዜ እነሱን ያስወጣው የፋርስ ጦር የመጣው በዚሁ ውሃ ነው። ከባሕረ ሰላጤው ጥግ ተሳፍረው፣ ሙሳንደምን ዞረው፣ በኦማን ዳርቻ ወርደው፣ ኤደን በኩል። በ570 ገደማ። በትውፊት እንደሚነገረው 8 መርከብ ነበር፣ 2ቱ መንገድ ላይ ሰጠሙ። ያኔም በዚያው ክርን ነው የታጠፉት።

---

እህት ከራስ አል ኸይማ

እኔ አንደኛዋን ጥያቄ ልሞክር፣ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከቤት የሰማሁትን።

4 ዓመት የሠራሁበት ቤት አሮጊቷ እናት የተራራው ሰዎች ልጅ ነበረች። ሺሁ ይባላሉ። ግድግዳው ላይ ቀጭን ረጅም ዱላ ተሰቅሎ አየሁ፣ ጫፉ ላይ የልጅ መጫወቻ የምታክል መጥረቢያ አለች። ጅርዝ ነው የሚሉት። የአባቷ ነበር። አቧራውን እንድወለውል እንኳ አትፈቅድልኝም፣ ራሷ ነበር የምትወለውለው። ሌላ ቦታ የኦማን ሰው ወገቡ ላይ ጩቤ ያደርጋል፣ እነሱ ግን ይህችን ይይዛሉ።

ስለ ድሮ ቤታቸው ስትነግረኝ ደግሞ የናቴ ቤት ትዝ አለኝ። ክረምት ክረምት ተራራው ላይ በዝናብ ውሃ እህል ያመርታሉ፣ በጋ ሲመጣ ሙቀቱን ሸሽተው ወደ ባሕሩ ወርደው ዓሣና ተምር። (ክረምት ስል የነሱን ነው፣ ታኅሣሥ ጥር አካባቢ ነው የሚዘንብላቸው።) ታዲያ እህሉን የት ይተውታል? ቤይት አል ቁፍል የሚሉት አለ፣ የቁልፍ ቤት። ወለሉ ወደ ታች የተቆፈረ፣ ግድግዳው ድፍን ድንጋይ፣ በሩ አጎንብሰህ የምትገባባት ጠባብ። ውስጡ እህልና ተምር የሚሞላባቸው ትላልቅ እንስራዎች ይቀመጣሉ። እኔ “በዚህች በር እንዴት ገቡ?” አልኳት። ሳቀች። እንስራው ነው መጀመሪያ የሚቀመጠው፣ ቤቱ በላዩ ነው የሚሠራው! ሌባ ቢገባ እንኳ እንስራውን ይዞ መውጣት አይችልም። የኛ ጎተራ ከዚህ ምን ይማር ይሆን ብዬ ነበር።

ወደ ጥያቄህ ስመጣ፣ እንግሊዞች እዚህ አካባቢ ወሰን ሲያሰምሩ፣ በፈረንጆቹ 1950ዎቹ ነው፣ በረሃና ተራራ ላይ ድንጋይ ተክለው የለዩት አልነበረም። በየመንደሩ እየሄዱ “እናንተ የማን ናችሁ?” ብለው ነው የጠየቁት። ዘካ የምትከፍሉት ለማን ነው፣ የምትዳኙት በማን ነው እያሉ። የጫፉ ሰዎች፣ ሺሁዎቹና ኩምዛሮቹ፣ የሙስካቱን ሱልጣን ነበር የሚሉት። በቃ፣ መስመሩ እነሱን ተከትሎ ሄደ። ኤምሬትስ አገር የሆነችው በኋላ ነው፣ በ1971፣ ራስ አል ኸይማ ደግሞ ወራት ቆይታ በ1972 ገባች። ያኔ መስመሩ ቀድሞ ተሰምሯል። ለዚህ ነው እዚህ ራስ አል ኸይማ ውስጥ አጎቱ ኤምሬት፣ የአጎቱ ልጅ ኦማን የሆነ ቤተሰብ የሞላው። ለሠርግ ሲሄዱ ፓስፖርት ይዘው ነው።

ትንሽ ወረድ ብሎ ማድሓ የምትባል ደግሞ አለች። ኤምሬትስ በሁሉም ጎን ከብባት እሷ ኦማን ናት። ይባስ ብሎ እሷ ውስጥ ናህዋ የምትባል ሰፈር አለች፣ ያቺ ደግሞ ሻርጃ ናት። ዶሮ ውስጥ እንቁላል፣ እንቁላል ውስጥ አስኳል በሉት።

---

ቢራቢሮ

እህት የኩምዛሮቹን ቋንቋ ዝም አልሽ? ኩምዛር እኮ ጫፉ ላይ ያለች መንደር ናት፣ መኪና መንገድ የላትም፣ በጀልባ ብቻ ነው የሚገባው። ቋንቋቸው ከአረብኛ ጋር የተደባለቀ የፋርስ ዘመድ ነው። አረብ አገር ላይ ተቀምጠው! ባሕሩ ለነሱ ድንበር ሳይሆን ጎረቤት ነው የነበረው፣ ከተራራው ጀርባ ካሉት ይልቅ ማዶ ያሉት ይቀርቧቸው ነበር።

ለጎረቤትነቱ ማስረጃ ደግሞ የሙሳንደም ዋና ከተማ የኸሰብ ወደብ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ከኢራን በፈጣን ጀልባ ፍየል ይዘው ጠዋት ይመጡ፣ ማታ ላይ ሲጋራና ኤሌክትሮኒክስ ጭነው ውልቅ ይሉ ነበር። በኦማን በኩል ተራ ንግድ ነው፣ ማዶ ሲደርስ ነው ኮንትሮባንድ የሚሆነው። አስቡት፣ በአንድ በኩል ዓለም የሚነጋገርበት ነዳጅ ያልፋል፣ በሥሩ ፍየል።

---

ሹፌሩ ከአጅማን

ወይ ጉድ፣ ይህን ያህል አልጠበቅኩም። እግዜር ይስጥልኝ። እህት፣ የእንስራው ነገር ገደለኝ።

ጋሼ መርከበኛው አንድ ልጠይቅዎት። ሁሌ “ይዘጋል ይዘጋል” ይባላል። ሌላ መንገድ የለም እንዴ? ይህች ኤምሬትስ ይህን ሁሉ ገንዘብ ይዛ?

---

መርከብ ላይ ያረጀሁ

አለ፣ ግን ሁሉንም አይሸከምም። አቡዳቢ ከሐብሻን እስከ ፉጀይራ የነዳጅ ቧንቧ ዘርግታ በፈረንጆቹ 2012 ሥራ አስጀምራለች፣ በቀን 1.5 ሚሊዮን በርሜል እንዲያሳልፍ የተሠራ ነው። ፉጀይራ ከሰርጡ ውጭ ስለሆነች ሙሳንደምን መዞር ቀረ። አንተ ፉጀይራ ጭነት ስታደርስ ያ ሁሉ ነዳጅ ጋን ለምን ተደረደረ ብለህ ከሆነ መልሱ ይኸው ነው። ሳዑዲ ደግሞ በረሃውን አቋርጣ እስከ ያንቡ፣ ቀይ ባሕር ድረስ የሚሄድ ቧንቧ አላት። ግን በ2023 እና በ2024 በሰርጡ የሚያልፈው በቀን ወደ 20 ሚሊዮን በርሜል ነበር፣ ዓለም ከሚጠቀመው አንድ አምስተኛው። በቧንቧ ያንን መተካት ዘበት ነው። ኩዌት፣ ኳታርና ባሕሬን ደግሞ ጭራሽ ሌላ የባሕር መውጫ የላቸውም። የኳታር ጋዝ አብዛኛው የሚሄደው በመርከብ ነው፣ ያ ደግሞ ያለ ሆርሙዝ ከባሕረ ሰላጤው አይወጣም።

እና ልብ በል፣ ሰርጡን ለመዝጋት ሰንሰለት መዘርጋት አያስፈልግም። ኢንሹራንሱ ሰማይ ከነካ ባለመርከቡ ራሱ አልሄድም ይላል። እኛ መርከበኞች የጦርነት አካባቢ ሲባል አበል ይጨመርልን ነበር፣ ደስ አይልም፣ ገንዘቡን እየተቀበልክ እንቅልፍ ታጣለህ።

---

የካርታ ሱሰኛ

ለጉዞው፣ የሚገባው እንዴታ! ቪዛውን ድንበር ደርሰህ ሳይሆን ከመነሣትህ በፊት አጣራ፣ መኪናው ለኦማን የሚሆን ኢንሹራንስ ይኑረው። በሐምሌና ነሐሴ እንዳትሞክረው። ከኅዳር እስከ የካቲት ነው ጊዜው። ከድንበሩ እስከ ኸሰብ ያለው መንገድ በአንድ ጎን ገደል በአንድ ጎን ባሕር ነው፣ አስፋልቱ ጥሩ ነው፣ ግን ሹፌሩ አንተ ስለሆንክ ምንም አታይም፣ ለሌላ ሰው አስነዳ።

ኸሰብ በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ፖርቱጋሎች የሠሩት ምሽግ አለ። ከዚያ ጀልባ ተከራይታችሁ ኾር ሻም ግቡ።

---

ሹፌሩ ከአጅማን

ከ2 ወር በኋላ ተመለስኩ። ሄድን! አምስት ሆነን፣ ያ “ቤንዚን የምታቃጥለው” ያለኝ ጓደኛዬም አለበት።

ዳው የሚሏት የእንጨት ጀልባ ላይ ምንጣፍ አንጥፈውልን፣ ትራስ ደግፈን፣ ሻይና ተምር እየቀመስን ኾር ሻም ገባን። ውሃው እንደ መስተዋት ነው፣ ማዕበል የሚባል የለም፣ ተራራው በሁለቱም በኩል ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ድምፅህ ይመለስልሃል። ዶልፊኖቹ ከጀልባዋ ጎን ጎን ይሮጣሉ፣ ጀልባ ነጂው ያፏጭላቸዋል። ሥራቸው ይመስል ወዲያው ይመጣሉ። ግራና ቀኝ ትናንሽ መንደሮች አሉ፣ ስምንት አሥር ቤት፣ መንገድ የለ ምን የለ። የሚጠጣ ውሃ እንኳ በጀልባ ነው የሚሄድላቸው።

መሃል ላይ አንዲት ጢኒጥ ደሴት አለች። ከድንጋይ ክምር በቀር ምንም የለባት። ጀልባ ነጂው እንደነገረን በ1864 እንግሊዞች ከሕንድ ወደ አገራቸው የሚሄደውን የቴሌግራፍ ሽቦ በባሕር ውስጥ ሲዘረጉ ጣቢያ የሠሩባት ናት። ሰዎቹ እዚያች ላይ ተቀምጠው በዚያ ሙቀት መልእክት ይቀባበሉ ነበር። ጥቂት ዓመት ብቻ ነው የቻሉት፣ ትተውት ሄዱ። ደረጃው አሁንም አለ፣ ወጣሁበት። ስልኬን ሳወጣ ኔትወርክ የለም 😂 የቴሌግራፍ ደሴት ላይ ቆሜ እናቴ ጋ መደወል አልቻልኩም።

ሰላማንና ልጆቿን አላየኋቸውም ጋሼ፣ ያን ያህል ሩቅ አይወስዱም። ኸሰብ ወደብ ላይ ግን ስንመለስ ፍየል አየሁ። ከየት እንደመጣች አልጠየቅኩም።

ጓደኛዬ በመመለሻው “መቼ ነው ደግሞ?” ሲለኝ ዝም አልኩት። ቤንዚኑን እሱ ነው የሚሞላው።